የጓሳው ቁልፍ

የጓሳ ሣር ብቻውን ሲታይ ተራ ነገር ነው። በሸዋ፣ በመንዝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር በሚደርሰው ብርዳም አምባ ላይ በክምር በክምር ይበቅላል። ቅጠሉ ቀጭን፣ ረጅምና ጠንካራ ነው። መንዜ በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፣ ከዝናብ የሚያስጥለውን ገሳ ይሠራል፣ ገመድ ይገምዳል።

ገመዱ እንዴት እንደሚሠራ ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሰውየው ሁለት ጭብጥ ሣር ይይዛል። እያንዳንዱን ለየብቻው ወደ አንድ ወገን ያከርረዋል። ከዚያ ሁለቱን ያገናኝና በተቃራኒው ወገን ይገምዳቸዋል። እያንዳንዱ ክር ክረቱን ሊፈታ ሲታገል ከጓደኛው ጋር ይበልጥ ይጠላለፋል፤ ገመዱ የሚጠብቀው ክሮቹ ሊፈቱ በመፈለጋቸው ነው። ሣሩ ሲያልቅ አዲስ ጭብጥ ከመሀል ይቀጠላል፤ ሥራው አይቋረጥም። የትኛው ክፍል ምን እንደሚሠራ፣ የትኛው ኃይል የትኛውን እንደሚይዝ ገማጁ በእጁ ያውቀዋል።

ነገርን በየክፍሉ ፈትቶ፣ የእያንዳንዱን ክፍል ተግባር ለይቶ፣ መልሶ ገጣጥሞ ማሠራት፣ በዘመኑ አነጋገር መካኒካዊ አስተሳሰብ የሚባለው ይኸው ነው። ወፍጮውም፣ ሰዓቱም፣ ድልድዩም የተወለዱት ከዚህ ነው። ይህ አስተሳሰብ ዕቃን አልፎ ሰዎች የሚተዳደሩበትን ሥርዓት ለመሥራት ሲውል የት ድረስ እንደሚያስኬድና የት ላይ እንደሚሰበር የሚያሳይ፣ ከሦስት እስከ አራት መቶ ዓመት የሚዘልቅ ታሪክ ግን የጓሳ ሜዳ ራሱ አለው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1637፣ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት የእንስሳትን አካል በጥርስና በሞላ ከሚንቀሳቀስ ሰዓት ጋር አነጻጽሮ ጻፈ። በመንዝ ደግሞ አስቦና ገራ የሚባሉት አቅኚ አባቶች፣ የአገሬው ሰው እንደሚተርከው፣ ይህን ሰፊ የሣር ሜዳ ከእርሻና ከልቅ ግጦሽ ከልለው ለልጅ ልጆቻቸው የጋራ አደረጉት። ከእነሱ የተወለደ በአጽመ ርስት መብት ነበረው፤ ሜዳውም የአስቦና የገራ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። የጥበቃው ሥርዓት ቄሮ ይባል ነበር። ቃሉን አንባቢ በቅርብ ዓመታት ዜና ከሰማው ጋር እንዳያምታታው፤ የመንዙ ቄሮ የሣር ጥበቃ ሥርዓት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሁለቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። በአፈሮው ሥር ተጠቃሚው በየቤተ ክርስቲያኑ አጥቢያ ይከፋፈላል። ጓሳ ይዘጋል። ሲዘጋ ለሦስት ዓመትም ለአምስት ዓመትም ሣር አይታጨድበትም፣ ከብት አይገባበትም። ጉልበት ያለው የቤት አባወራ ሁሉ ተራው ሲደርስ ወጥቶ ሜዳውን ይቃኛል። ሊከፈት ሲል ቀኑ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ይነገራል። መጀመሪያ የሚገባው ማጭድ ነው፤ ሣሩ ታጭዶ፣ ማገዶው ተለቅሞ ሲያበቃ ከብት ይከተላል። ክረምቱ ሲገባ፣ ጾመ ሐዋርያት በሚፈታበት በሐምሌ 5፣ ሰውም ከብትም ይወጣል። ጓሳ እንደገና ይዘጋል።

ቅደም ተከተሉ ያለ ምክንያት አልተደረደረም። ከብት ከማጭድ ቀድሞ ቢገባ ለጣሪያ የሚሆነው ረጅም ሣር ይረገጣል። ሐምሌ ላይ መሬቱ በውሃ ጠግቦ ስለሚለሰልስ ኮቴ ሥሩን ይነቅለዋል፤ ሣሩ የሚያቆጠቁጠውም በዚያው ወቅት ነው። ቅጣቱም እንደ ብርዱ ከባድ ነበር፤ ክፉኛ ያጠፋ ሰው ቤቱ እስከ መቃጠል ይደርስበታል። በተሰረቀ ሣር የተከደነ ጣሪያ ለእሳት ሲሰጥ ያየ ሰው ሕጉን ለልጁ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

እስካሁን የተናገርኩትን ብቻ የሰማ መሐንዲስ «ይህማ ማሽን ነው» ሊል ይችላል፤ ወሰን አለው፣ በር አለው፣ መቆጣጠሪያ አለው፣ ደንቡን ለሚጥስ ቅጣት አለው። ልክ ነው፤ ግን አንድ ክፍል ይቀራል። የመዝጊያው ቀን በዘመን አቆጣጠሩ ይታወቃል፣ ሐምሌ 5 ነው። የመክፈቻው ዓመት ግን በየትኛውም አቆጣጠር ላይ አልተጻፈም። ሣሩ ደርሷል ወይ? ቆላውና ወይና ደጋው ዝናብ አጥቷል ወይ? የጎተራው ነገር እንዴት ነው? ይህን የሚያየው ሜዳውን የሚዞረው አፈሮ ነው። አስተዋዮቹ አባቶች ሁሉን ነገር በደንብ አስረው ቁልፉን ብቻ በሰው እጅ ተዉት። እኔ ከሥርዓቱ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

ዘመኑ ቀጠለ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከዚሁ ከመንዝ የተነሣው ነጋሢ ክርስቶስ የሸዋን ሥርወ መንግሥት መሠረተ። ከልጅ ልጆቹ አንዱ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በአንኮበር ሲነግሥ የእጅ ጥበብ የሚወድ ሰው ነበር። በዘመኑ የመጡት የአውሮፓ ተጓዦች እንደጻፉት፣ በግዛቱ በውሃ የሚዞር ወፍጮ ተሠርቶ ነበር፤ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስለተቃወሙት ግን ሳይሠራበት ቀረ። ይህን ታሪክ አንዳንዶች የኋላ ቀርነት ምስክር አድርገው ያነሡታል። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። በዚያው አገር፣ ከወፍጮው በጣም የተወሳሰበ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰውና ከብት የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት አንድ ጥርስ ሳይሰበር ይዞር ነበር። የሸዋ ሰው በማሽን ማሰብ አልጎደለውም፤ ማሽኑን የሠራው ከመሐላ፣ ከአጥቢያና ከማጭድ ነበር።

በአፄ ምኒልክ ዘመን ደግሞ ሌላ ገመድ መጣ። ቃላድ ነው። አዲስ በተያዘው የደቡብ መሬት ላይ እየተዘረጋ አገሩን በጋሻ በጋሻ ለካው። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ገደማ ነው። ገደል ይሁን ሸለቆ፣ የማን አያት የተቀበረበት ይሁን፣ ቃላድ ሁሉንም በአንድ ስፍር ይቆርጠዋል። ለግብር ሰብሳቢ ምቹ ነው፤ መንግሥትም ያለ መለኪያ አይቆምም። የመንዝ ርስተኛ ግን መሬቱን የሚቆጥረው በትውልድ ነበርና ጓሳ ከቃላድ ውጭ በአፈሮው ሥር ኖረ።

በባሕር ማዶ ይህ በስፍር የማሰብ ልማድ ሰው ላይ ደረሰ። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬደሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ ሥራን እስከ ትንሿ እንቅስቃሴ ድረስ ፈትቶ፣ በሰዓት ለክቶ፣ ከሁሉ የሚሻለውን አንድ መንገድ ለሠራተኛው መስጠት ይቻላል አለ። ፋብሪካዎች በዚህ በእጅጉ ተጠቀሙ። ማሰብ የአለቃ፣ መሥራት የሠራተኛ ተብሎ መከፈሉ ግን የኋላ ኋላ ዋጋ አስከፈለ። እ.ኤ.አ. በ1961 በርንስና ስቶከር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የብሪታንያን፣ በተለይም የስኮትላንድን የኤሌክትሮኒክስ ድርጅቶች አጥንተው አንድ ጠቃሚ ነገር አሳዩ። ሁኔታው ባለበት በሚረጋበት ቦታ እንደ ማሽን የተዋቀረ ድርጅት ያዋጣል፤ ሁኔታው በሚለዋወጥበት ቦታ ግን ሠራተኛው እርስ በርሱ እየተማከረ ሥራውን የሚቀያይርበት ድርጅት ይሻላል። የመንዝ ሰው ሁለቱን በአንድ ሜዳ ላይ አጣምሮ ይዟቸው ነበር፤ ሐምሌ 5 እንደ ማሽን፣ የመክፈቻው ዓመት በምክክር።

አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ተቀምጦ የሕዝቡን ኑሮ ያጠናው በዚያው ሰሞን ነው፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ ታተመ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ ጋሬት ሃርዲን የተባለ የሥነ ሕይወት ሊቅ ዓለምን ያነጋገረ ጽሑፍ አወጣ። የጋራ ግጦሽ አለ እንበል፣ አለ ሃርዲን። እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት ሲጨምር ትርፉ የራሱ ነው፣ ጉዳቱ የሁሉም ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ይጨምራል፣ ሜዳው ይጠፋል። መውጫው ወይ ለግለሰብ መስጠት ወይ በመንግሥት እጅ ማድረግ ነው። ንጹሕ መካኒካዊ አስተሳሰብ ነው፤ እረኛው ጥርስ ነው፣ ሜዳው ጥርሱ የሚፈጨው እህል ነው። በሃርዲን ሜዳ ላይ እረኞቹ እርስ በርስ አይነጋገሩም። ቀብር ላይ አይገናኙም። የሚመርጡት አፈሮ የላቸውም።

ሰባት ዓመት ሳይሞላ ጓሳ በመንግሥት እጅ ገባ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። መሬት ለአራሹ የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነበር፤ መልሱም ብዙ ጭሰኛ ከቀንበር አውጥቷል። በመንዝም ቢሆን አጽመ ርስት ያደረሰው በደል አልነበረም ማለት አይቻልም። ከአቅኚ አባቶቹ የማይወለድ ሰው እዚያው እየኖረ ጓሳ ሲከፈት ማጭዱን ይዞ ቆሞ የሚያይበት ሥርዓት ነበር። ይህን መሸፈን ለጓሳ መቆርቆር አይደለም።

የአዋጁ አሠራር ግን የቃላድ ታላቅ ወንድም ነበር። የገበሬ ማኅበር ቢያንስ በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር መሬት ላይ ይቋቋም ነበር። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይዝም ነበር። ለጋምቤላም ለጊሼም፣ ለሐረርጌም ለመርሐቤቴም ስፍሩ አንድ ነበር። ጓሳ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ወደ 10000 ሄክታር ነው፤ በስፍሩ ብቻ ቢኬድ ከ12 ማኅበር በላይ ይወጣው ነበር። ሥዕሉ ከላይ ሆነው ሲያዩት ያምራል፤ ማንኛውም ክፍል በማንኛውም ቦታ ይገጥማል። ይህም የመካኒካዊ አስተሳሰብ ትልቁ ጉልበት ነው። በፋብሪካ የተሠራ ብሎን በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ያለ ዳዶ ውስጥ ይገባል። የጓሳ አፈሮ ግን መለዋወጫ አልነበረውም።

አዋጁ አፈሮውን ስም ጠርቶ አልሻረውም። ርስት ሲፈርስ እሱ የቆመበት መሬት ከሥሩ ሄደ። አስቦና ገራ የሚባል ወገን በሕግ ከሌለ የወገኑ መሪ ከየት ይመጣል? ቁልፉ ያዢ አጣ። ሜዳው የመንግሥት ተባለ፤ መንግሥት ግን በዚያ ብርድ ላይ ቆሞ ሣሩ ደረሰ አልደረሰ የሚያይ ዓይን አልነበረውም። ሣር ሳይደርስ መታጨድ ጀመረ፣ ቁጥቋጦው ለማገዶ ተመነጠረ፣ ማረሻ ከዳር ከዳር ገባ። እነሆ የሃርዲን ሜዳ! ይሁንና የጋራ መሆኑ አልነበረም ያጠፋው፤ የጋራ ያደረገው ነገር መወሰዱ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለእኔ የታሪኩ ልብ ነው። የጓሳ ዙሪያ ሰዎች አዋጁን በጠመንጃ አልተጋፉትም፣ አጽመ ርስት ይመለስልን ብለውም አልተከራከሩም፤ እንዲያ ቢሉ አድኃሪ በተባሉ ነበር። ያደረጉት ዕድር ማቋቋም ነው። ከየገበሬ ማኅበሩ ተወካይ መረጡ፣ መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፣ ጥበቃ አሰማሩ፣ ቅጣት ወሰኑ። ስሙ ዕድር መሆኑን ልብ እንበል። ለቀብር የሚሰበሰብ፣ ማንም ባለሥልጣን የማይጠረጥረው፣ ድሃም ሀብታምም እኩል ድንኳን የሚተክልበት ማኅበር ነው። መንግሥት የሰጣቸውን ክፍሎች፣ ማኅበሩን፣ ተወካዩን፣ ደንቡን፣ አንድም ሳይጥሉ ወስደው በውስጣቸው የድሮውን ሥራ አሠሩባቸው። በዚያውም ላይ ድሮ ከደጅ የቀረው፣ ከአስቦም ከገራም የማይወለደው ነዋሪ፣ አሁን የማኅበሩ አባል ነውና ገባ። ቄሮ ያላስተካከለውን በደል ዕድሩ አስተካከለው።

ቅጣቱ ግን እንደ ድሮው አላስፈራም። ቤት ማቃጠል ቀርቶ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሆነ፤ የሣር ሌባ ፋይል ደግሞ በመዝገብ ብዛት ውስጥ ይዘገያል። አንዱን ክፍል ሲያስተካክሉ ሌላው ይላላል፤ ይህን ማንም መካኒክ ያውቀዋል።

ዓለም ነገሩን የተረዳው ዘግይቶ ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው መጽሐፍ ከስዊዘርላንድ የተራራ ግጦሽ እስከ ጃፓን የመንደር ደን ድረስ ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን ራሳቸው ባወጡት ደንብ ለብዙ መቶ ዓመታት መጠበቃቸውን አሳየች፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ስትቀበል በዘርፉ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። የጓሳን ታሪክ ወደዚህ መድረክ ያመጣው የራሳችን ሰው ነው። ዶክተር ዘላለም ተፈራ ለዶክትሬቱ ቄሮን፣ ከብቱንና ቀይ ቀበሮዋን በአንድነት አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ከኒጄል ሊደር ዊልያምስ ጋር በዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ አሳተመው። ኦስትሮም የዘረዘረቻቸው የጽኑ ሥርዓት ምልክቶች፣ የታወቀ ወሰን፣ የታወቀ ተጠቃሚ፣ የራስ ጠባቂ፣ ደረጃ ያለው ቅጣት፣ አብዛኞቹ ጓሳ ላይ ነበሩ።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባና ክልሎች በሌላ ነገር ተጠምደው ነበር። በ2000 ዓ.ም አካባቢ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ቢፒአር ይሠራ ነበር፤ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ይባላል። ሐሳቡ ሐመርና ቻምፒ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1993 ያስፋፉት ነው። ሥራውን ከባዶ ወረቀት ጀምረህ እንደገና ንደፈው፣ የማያስፈልገውን ደረጃ ጣለው ይላል። ማህተም ፍለጋ ከክፍል ወደ ክፍል ሲንከራተት ለኖረ ባለጉዳይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ወረቀት የሚያልፍበት መንገድ በእርግጥ ማሽን ነውና እንደ ማሽን ማስተካከል ተገቢ ነው። ባዶ ወረቀት የሚለው ግን ያስፈራኛል። ማንም በባዶ ወረቀት ላይ የአፈሮን ዓይን አይነድፍም።

ካይዘን የሚባለው፣ ሥራን ጥቂት በጥቂት የማሻሻል ልማድ፣ ከዚህ ይልቅ ለጓሳ ይቀርባል። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲቋቋም ይዞት የመጣው ልምድ ከጃፓን ነው። በቶዮታ ፋብሪካ ከሠራተኛው ራስ በላይ ገመድ ይዘረጋ ነበር። ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ይስበው ነበር፤ ጉድለቱ በቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆም ነበር። በዓለም ላይ እጅግ የተቀነባበረው ማሽን መሀል፣ ማቆሚያው በአንድ ተራ ሰው እጅ ነበር። መሐንዲሶቹ ያንን ገመድ ሲዘረጉ መንዝን አያውቁም ነበር፤ የደረሱበት ግን ያው ነው።

ጓሳም ዕድሩ ወደ ጥበቃ ምክር ቤት አድጎለት፣ የክልሉ መንግሥት በሕግ አውቆት፣ የፍራንክፈርት የሥነ እንስሳት ማኅበር ደግፎት የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆነ። ጠባቂዎቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸው፤ ለእንግዳ ማረፊያ የሚሆን ሎጅ ተሠርቶ ማኅበረሰቡ ያስተዳድረዋል። የጣሪያው ነገር ግን ተቀይሯል። ቆርቆሮ ወደ መንዝ ዘልቆ ገብቷል፤ በሣር የሚከደነው ቤት እያነሰ ሲሄድ ሣሩን ሳይደርስ ላለመንካት የነበረው ምክንያትም ይለወጣል። የበግና የከብት ቁጥር፣ የወጣቱ የመሬት ረሃብ አለ። ምክር ቤቱ እነዚህን እያየ ነው የሚከፍተውና የሚዘጋው።

ተመራማሪዎችም ከአምባው አልጠፉም። ጭላዳ የሚባሉትን የአምባውን ዝንጀሮዎች ለዓመታት በእግር የተከተለ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ነገር አሳተመ። ቀይ ቀበሮ ብቻዋን ስታድን ከምትሞክረው የሚሳካላት 25 ከመቶ ነው። ሣር በሚግጡ ጭላዳዎች መሀል ስታድን 67 ከመቶ ይሳካላታል። አይጦቹ በመንጋው እንቅስቃሴ ተዘናግተው ወይ ከጉድጓዳቸው እየወጡ ይሆናል። ይህን ማንም ቀበሮን ለብቻ፣ ጭላዳን ለብቻ፣ አይጥን ለብቻ ፈትቶ ቢያጠና አያገኘውም ነበር። ቀበሮዋ የጭላዳ ግልገል አጠገቧ ቢያልፍም ብዙውን ጊዜ አትነካም፤ ብትነካ መንጋው ያባርራታል፣ አይጡንም ታጣለች።

ማለዳ ላይ ነው የሚታየው። ጉሙ ከይፋት በኩል ገደሉን እየወጣ፣ ጅብራው ጫፉ ብቻ እየታየ፣ ጭላዳዎቹ ቁጢጥ ብለው በሁለት እጃቸው ሣር ይነጫሉ። ቀበሮዋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ አረማመዷን አርግባ በመሀላቸው ታልፋለች። እነሱም መንጨታቸውን አያቋርጡም።